ቀኝ እጅ የሚያውቅ፣ ግራ እጅ የማያውቅ

ዛሬም ድረስ ክፍል ውስጥ ብዙ እጅ ባንድ ጊዜ ሲነሳ ካየሁ «አውርዱ!» እላለሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ያስተማረች ሴት እንዴት እጅ የሚያወጣ ተማሪ ትጠላለች ብለው የሚገረሙ አሉ። ተማሪውን አልጠላም። ነገሩን ግን ከመጀመሪያው መናገር አለብኝ፤ ከመሃል ሲወራ የኔ ንዴት እብደት ይመስላል።

ጉለሌ ውስጥ በነበረች አንዲት ትምህርት ቤት በተቀጠርኩበት ሳምንት ዲሬክተሩ ቢሮአቸው ጠርተው አስቀመጡኝና ስለ ደወሉ፣ ስለ ሰልፉ፣ ጠመኔ ስለ መቆጠብ ብዙ ነገሩኝ። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አሁን ወደ ዋናው ነገር» አሉ። ኢንስፔክተር ከሚኒስቴር መጥቶ ክፍል ሲገባ፣ አስተማሪ ጥያቄ በጠየቀ ቁጥር ልጆቹ አንድ ሳይቀር እጃቸውን ያወጣሉ። መልሱን የሚያውቅ ቀኝ እጁን፣ የማያውቅ ግራ እጁን። አስተማሪዋ ከቀኞቹ መርጣ ትጠራለች። ኢንስፔክተሩ በሩ አጠገብ ተቀምጦ የሚያየው ጣሪያ ሊነካ የደረሰ እጅ ብቻ ነው።

«ማታለል አይሆንም ወይ?» አልኳቸው። ገና ልጅ ነበርኩ።

«ማንን ነው የምናታልለው? ልጆቹ እንደሆኑ ያውቁታል» አሉኝ።

የኛ ትምህርት ቤት ብቻ ፈሊጥ እንዳይመስላችሁ። በንጉሡ ዘመን ይህን ያላደረገ አስተማሪ ካለ እኔ አላጋጠመኝም። ኢንስፔክተሮቹም ቢሆኑ ትናንት አስተማሪ የነበሩ ናቸው፤ አይተው እንዳላዩ ያልፉ ነበር ብዬ ነው የማምነው። ስለዚህ በእጁ ጉዳይ ንስሐ ግቢ የሚለኝ ካለ አልገባም። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነገር ነው።

ትምህርት ቤቷ ከቁስቋም የሚወርደው መንገድ ሜዳውን ሲያገኝ በስተግራ በኩል ነበረች። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ዝናብ ሲጥል ማስተማር የማይቻልባት ቤት። ሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሲበዛበት አንዱን ትልቅ ክፍል መሃሉ ላይ በር ባለው የኮምፔንሳቶ ጣውላ ለሁለት ከፈሉትና ሰባተኛ ሀ እና ሰባተኛ ለ አሉት። ሀ የኔ ሆነ። ለ የሱ ሆነ። እሱ ማለት ያው እንደኔ እንግሊዝኛ የሚያስተምር፣ ከኔ አንድ ዓመት ቀድሞ የተቀጠረ ረጅም ቀጭን ልጅ ነው። አንድ ቡናማ ኮት ነበረችው፤ ክረምት ከበጋ እሷን ነው የሚለብሳት። በመካከላችን ያለው ያ ስስ ኮምፔንሳቶ ብቻ ስለሆነ እሱ የሚለውን እሰማለሁ፤ እኔ የምለውን ይሰማል። ሳስነጥስ ከወዲያ ማዶ «ይማርሽ!» ይለኛል፤ ሁለቱም ክፍል ይስቃል። እኔም ጠመኔዬን ይዤ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርና እስቃለሁ።

ወደድኩት። ይህን አልክድም። ከትምህርት ቤት ስንወጣ እስከ አዲሱ ገበያ አብረን እንሄዳለን፤ አባቴ እዚያ አጣና ይሸጥ ስለነበር ቤታችንም ከገበያው ጀርባ ነበር። ሰው እንዳይታዘበን እሱ በመንገዱ አንድ ጠርዝ እኔ በሌላው እንሄዳለን፤ ወሬያችን ግን አይቋረጥም። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ ብሎኛል። እናቴ ሰምታ እንዳልሰማች ሆናለች፤ ይህም በኛ ቤት ፈቃድ ማለት ነው።

የምናወራው ግን ስለ ፍቅር ብቻ አይደለም። ባብዛኛው ስለ እንግሊዝኛ ነው። ሁለታችንም አንድ ወፍራም የሰዋስው መጽሐፍ በጋራ ነበረን፤ አንድ ሳምንት እኔ ጋ፣ አንድ ሳምንት እሱ ጋ ያድራል። በዚያ ዓመት አንገቴን ያስደፋኝ አንድ ምዕራፍ ነበር። አነጻጻሪ መስተፃምር ከመስተዋድዳዊ ሐረግ በፊት ሲመጣ፣ ይላል ርዕሱ። ይህን ለሰባተኛ ክፍል ልጅ ማን ያስረዳዋል?

ችግሩ እንዲህ ነው። በኛ ቋንቋ «እንደ» አንዷ ብቻዋን ሁሉን ትችላለች። እንደ አባቴ፣ እንደ ጉለሌ፣ እንደ ትናንቱ፣ ሁሉም ያው ነው። እንግሊዞቹ ግን ሁለት አድርገውታል። «ላይክ» የሚሄደው ብቻውን ከቆመ ስም ጋር ነው፤ ላይክ ማይ ፋዘር፣ እንደ አባቴ። ከስሙ በፊት ኢን፣ ኦን፣ አት፣ ፍሮም የሚሉት ጥቃቅን ቃላት ከቆሙ ግን ላይክ ይቀርና «አዝ» ይገባል። አዝ ኢን፣ አዝ አት፣ አዝ ፍሮም። ልጆቹ ሁልጊዜ «ላይክ ኢን ጉለሌ» ይላሉ። ፈረንጆቹ ራሳቸው ሲያወሩ እንዲያ እንደሚሉ በኋላ ሰምቻለሁ፤ ፈተና ላይ ግን ይቆረጥባቸዋል። ሳስረዳ ከረምኩ። እሱም ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ሲያስረዳና ሲናደድ እሰማዋለሁ።

አንድ ቀን ከቁስቋም በታች ባለ አንድ የትልቅ ሰው ግቢ በር ሳልፍ ነገሩ መጣልኝ። በሩ ላይ ዘበኛ ቆሟል፤ አንድ ሰው ልግባ ይላል፣ ዘበኛው አያስገባውም። ሌላው መጣና ሰላምታ ተለዋውጠው ገባ። በማግስቱ ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ ቤት ሣልኩ። በሩ ላይ ባርኔጣ ያደረገ ዘበኛ ሣልኩ። ዘበኛው ኢን ነው፣ ኦን ነው፣ አት ነው፣ ፍሮም ነው። ላይክ ዘበኛ ካለበት ቤት አይገባም፤ ዘበኛ ከሌለ ግን ዘው ነው። አዝ ከዘበኛው ጋር ስለሚተዋወቅ ይገባል። ከዚያ የኛኑ ሰፈር አስገብቼ ዓረፍተ ነገር ሠራሁላቸው፦ «ኢን ጉለሌ፣ አዝ ኢን ቁስቋም፣ ዘ ሞርኒንግስ አር ኮልድ።» በጉለሌም በቁስቋም እንደሚሆነው ጠዋቱ ብርድ ነው ማለት ነው። ልጆቹ ተንጫጩ። የክፍሉ አለቃ፣ ጠጉሯን ሁልጊዜ ሹሩባ የምትሠራ ጎበዝ ልጅ ነበረች፣ ተነሥታ «እትዬ፣ ዘበኛው ሲሄድስ?» አለችኝ። ዘበኛው ሲሄድ ላይክ ይገባል አልኳት። ገባት። ሁሉም ገባቸው። እንደዚያን ቀን የተደሰትኩበትን ቀን አላስታውስም።

ማታውኑ መንገድ ላይ ነገርኩት። ቆመና በጣም ሳቀ። «አንቺ! ይህን ኢንስፔክተሩ ቢሰማ እኮ ባርኔጣውን ያነሣልሻል» አለኝ። እኔም ሞኟ ኮራሁ።

ከፋሲካ በፊት በነበሩት ሳምንታት ዲሬክተሩ ሁለታችንንም ጠሩን። ሚኒስቴሩ ከአንደኛ ደረጃ አስተማሪዎች ውስጥ ለእንግሊዝኛ ሰው ሊመርጥ ነው። የተመረጠው ሁለት ዓመት በመንግሥት ወጪ ይማራል፤ ከዚያ ሁለተኛ ደረጃ ያስተምራል። ከኛ ትምህርት ቤት የሚያልፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። ኢንስፔክተሩ የሁለታችንንም ክፍል በተከታታይ ያዩና ይወስናሉ።

ይህን ቦታ ምን ያህል እንደፈለግሁት ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ወደ ዊንጌት ትምህርት ቤት በሚወስደው መንገድ ዩኒፎርም ለብሰው የሚያልፉትን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቆሜ አይ ነበር። ለነሱ ማስተማር አማረኝ። ከዚያ በላይ ግን ራሴ እንደገና ተማሪ መሆን አማረኝ። አባቴ ሴት ልጁን እስከዚያ ድረስ ማስተማሩ በሰፈሩ ዘንድ ያስወራ ነበር፤ ከዚህ በኋላ መማር የምችለው መንግሥት ካስተማረኝ ብቻ ነው። ሌላ በር አልነበረኝም። እሱ ወንድ ነው፤ ዛሬ ባያልፍ ነገ ያልፋል። ይህንንም ሁሉ ያውቃል፤ ነግሬዋለሁ።

«ከሁለት አንዳችን ካለፍን ያው ነው» አለኝ። «አንድ ቤት አይደለም እንዴ የምንገባው?»

አንድ ቤት የሚለው ቃል ጣመኝ። ስለዚህ ለኢንስፔክተሩ ያዘጋጀሁትን ትምህርት በሙሉ አወጣሁለት። በዘበኛው እጀምራለሁ፣ ከዚያ ቤቱን እሥላለሁ፣ ከዚያ የትኛውን ጥያቄ በየትኛው አስከትላለሁ፣ ሁሉን። እሱም ያዘጋጀውን ነገረኝ፤ ስለ ኃላፊ ጊዜ ግስ ነው አለኝ። ደረቅ መሰለኝና እንዲያሻሽለው መከርኩት። ሲያዳምጠኝ እንዴት ልብ ብሎ እንደነበር አሁን ሳስበው አንጀቴ ያርራል።

ኢንስፔክተሩ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀረው ዲሬክተሩ አዲስ የግድግዳ ካርታና ጠመኔ ከመሃል ከተማ ግምጃ ቤት እንዳመጣ ላኩኝ። ክፍሌን ማን ይይዝልኛል ስል እሱ ነበር የቀደመኝ። «እኔ አለሁልሽ። መሃል በሩን ከፍቼ ሁለቱንም እይዛቸዋለሁ» አለ። ለልጆቹ ራሴ ነገርኳቸው። ጋሼ የሚሏችሁን ሁሉ ስሙ አልኳቸው፤ ደግሞ ትምህርቱን ላስታውሳቸው ብዬ በእንግሊዝኛ ደገምኩት፦ «ቴክ ኢት አዝ ፍሮም ሚ።» ከእኔ እንደመጣ ቁጠሩት። ልጆቹ ባንድ ድምፅ ደገሙት። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

በማግስቱ ኢንስፔክተሩ መጡ። ጥቁር ሱፍ የለበሱ፣ ጠና ያሉ፣ ቁምነገረኛ ሰው ናቸው። ዲሬክተሩ ወንበር አስይዘው በሩ አጠገብ አስቀመጧቸው። ዘበኛውን ሣልኩት። ከበስተኋላዬ ኢንስፔክተሩ ፈገግ ማለታቸውን ከልጆቹ ፊት አነበብኩ። ሁሉ ነገር ባሰብኩት መንገድ እየሄደ ነው። ከዚያ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቅሁ፦ «በቤት እንደሚሆነው ሁሉ በትምህርት ቤትም» የሚለውን ማን በእንግሊዝኛ ይለዋል?

የክፍሉ እጅ በሙሉ ተነሣ። ከቀኞቹ አንዱን ጠራሁ። ልጁ ተነሥቶ ቆመ። ፊቱን ክፉኛ አኮማተረ፤ አንድም ቃል አልወጣውም። ፈርቶ ነው ብዬ ሌላ ቀኝ ጠራሁ። ያችም ተነሥታ መሬት መሬት አየች። ሦስተኛው «ላይክ ኢን» ብሎ ጀመረና አቆመ። ዓይኔን ሳነሣ የክፍሉ አለቃ፣ ያች ባለ ሹሩባዋ፣ ከወንበሯ ልትነሣ እስክትደርስ ድረስ ግራ እጇን ታውለበልባለች። አጠገቧ ያሉት ጎበዞችም እንደዚያው። ግራ እጅ የማያውቅ ነው። እሷ እንዴት አታውቅም? ድንጋጤ ነው፣ ልጆቹ ሰው አይተው ደነገጡ አልኩ ለራሴ። የለመድኩትን ይዤ ቀኝ ጠራሁ፣ ቀኝ ጠራሁ፣ ቀኝ ጠራሁ። አንድም የሚመልስ ጠፋ። ኢንስፔክተሩ ጻፉ። ጻፉና እስክርቢቶአቸውን ከደኑ።

«አመሰግናለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። ልጄ ሲሉኝ ሁሉ ነገር እንዳበቃ ገባኝ።

ወጥተው ወደ ለ ክፍል ገቡ። እኔ ልጆቹን ጸጥ ብላችሁ ጻፉ ብዬ ጠረጴዛው ላይ ተደገፍኩ። ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ጠመኔ ሲንጫረር ሰማሁ። ከዚያ ድምፁ መጣ። «ይህ ቤት ነው። በሩ ላይ ዘበኛ ቆሟል» አለ። ጆሮዬን አላመንኩትም። «ላይክ ዘበኛ ካለበት ቤት አይገባም» አለ። ልጆቹ ሳቁ፤ ኢንስፔክተሩም ሲስቁ ሰማሁ። ደግሞ የኔን ዓረፍተ ነገር፣ የጉለሌንና የቁስቋምን ብርድ፣ አንድ ቃል ሳይቀንስ አለው። ሲጠይቅ መልስ ይጎርፋል። ባርኔጣቸውን ያንሡ አያንሡ ማየት አልቻልኩም፤ ብቻ «በጣም ጥሩ! በጣም ጥሩ!» ይላሉ። እኔ ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ እንባዬን ዋጥኩ። የክፍሉ ልጆች ሁሉ እኔንና ግድግዳውን እያፈራረቁ ያዩ ነበር።

ደወል ሲደወል አለቃዋ ጠጋ አለችኝ። ተቆጥታለች። ተማሪ አስተማሪዋን እንዲህ ተቆጥታ ስታናግር አይቼ አላውቅም።

«እትዬ፣ ለምን አልጠሩኝም? እጄ እስኪደነዝዝ ድረስ እኮ አወጣሁ።»

«ግራ እጅሽን ነው ያወጣሽው» አልኳት።

«አዎ፣ ግራ ነዋ! ጋሼ ትናንት ነግረውናል እኮ። ኢንስፔክተሩ የቀኙን ነገር ደርሰውበታል፣ ስለዚህ ነገ የሚያውቅ ግራ፣ የማያውቅ ቀኝ አሉን። እትዬ ናቸው ያሉት፣ እሳቸው ስለሚጨነቁ ጥያቄ አታብዙባቸው አሉን። እርስዎ አላሉም?»

ጀርባዋን መታ መታ አድርጌ «ጎበዝ፣ ሂጂ ተጫወቺ» አልኳት። ከዚያ ባዶ ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ላይ የቀረውን ዘበኛ አጠፋሁት።

አስቡት እንግዲህ። ትምህርቴን መውሰዱ አንድ ነገር ነው፤ ቢፈልግ እሰጠው ነበር። ልጆቼን ግን በኔ ስም በኔው ላይ አስነሣቸው። የሚወዱኝ ልጆች፣ ሊታዘዙኝ ብለው፣ እኔን ደስ ሊያሰኙ ብለው፣ እጃቸው እስኪደነዝዝ ድረስ አውጥተው ጣሉኝ። ይህን የሚያስብ ሰው በመንገድ ጠርዝ ላይ ከኔ ጋር እየሳቀ የሚሄደው ያው ልጅ መሆኑን አእምሮዬ እምቢ አለኝ።

በመውጫ ሰዓት እንደ ወትሮው በር ላይ ጠበቀኝ። ይጠብቀኛል ብዬ አልገመትኩም ነበር። በዚያን ቀን መንገዱን ማዶና ማዶ ሆነን አልሄድንም፤ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። የሚያልፈው ሰው ይታዘበኛል አላልኩም።

«ግራ እጅ ያልካቸው አንተ ነህ?»

መሬት አየ። «እ... ማለቴ፣ ስሚኝ እስቲ» አለ።

«አንተ ነህ ወይ?»

«እኔ ነኝ» አለ። መካዱን ጠብቄ ስለነበር ማመኑ ጭራሽ አናደደኝ። «ስሚኝ። ሁለታችንም ጥሩ ከሆንን ከሌላ ትምህርት ቤት ሌላ ሰው ይወስደዋል። አንዳችን ጎልተን መታየት ነበረብን። ደግሞ ለሴት አይሰጡትም፤ አንቺ ብታልፊም ከላይ ይሰርዙታል። እኔ ካገኘሁት ግን የሁለታችን ነው። ለቤታችን ብዬ ነው።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ታገቢያለሽ።»

«ማንን?»

ግር አለው። የምር ግር አለው፤ ያን ፊቱን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «እኔን ነዋ!» አለ።

መሳቅ የለብኝም ነበር፤ ግን ሳቅሁ። ከዚያ ዓይንህን አያሳየኝ ብዬው ሄድኩ። እስከ አዲሱ ገበያ ድረስ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። አባቴ ከአጣናው ክምር አጠገብ ቆሞ ከደንበኛ ጋር ይከራከራል። አየኝና ደንበኛውን ተወው። እዚያው ቆሜ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ቃሉን ጠበቀ፤ በዚህ ላይ ታማኝ ነበር። እሑድ ጠዋት ሦስት ሆነው በራችን ላይ ቆሙ፤ ከሦስቱ አንደኛው የኛው ዲሬክተር ናቸው። አባቴ ግቡ፣ ተቀመጡ ቢላቸው ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ፤ ወጉ ነው። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ቆሜ እሰማለሁ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ዘሩ ጥሩ ነው፣ ተመርጧል፣ ነገ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው ብለው ዲሬክተሩ አሞገሱት። ስለኔ ደግሞ ጎበዝ አስተማሪ ነበረች አሉ። «ነበረች» ያሉት ሳያስቡት ነው መሰለኝ።

አባቴ ነገሩን አስቀድሞ ከኔ ሰምቶ ነበር። «እኔ ልጄን ሳልጠይቅ አልመልስም» አለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በዚያን ጊዜ ልጅ አትጠየቅም።

«ያ የክፍሉ ነገር ከሆነ» አሉ ዲሬክተሩ ወደ መጋረጃው ዞረው፣ «የልጆች ጨዋታ ነው። ለትዳር ቁም ነገር አይሆንም። በቃ፣ ይቅር መባባል ነው።»

ስለዚህ ያውቁ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቁ አልጠየቅሁም፤ ካርታና ጠመኔ እንዳመጣ የላኩኝ ቀን ትዝ አለኝ፤ መልሱን ለመስማት ድፍረቱ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም። ከመጋረጃው ወጥቼ «አላገባውም፣ አባባ» አልኩ። ሌላ ነገር አልጨመርኩም።

አባቴ ለሽማግሌዎቹ እንዲህ ሲል መለሰ፦ «ሰምታችኋል። ከኔ ክምር አጣና ሰርቆ ለኔው ቤት ሠራሁልህ ለሚለኝ ሰው ልጅ አልሰጥም። አክብራችሁ መጥታችኋል፣ በክብር ሂዱ።» ሦስቱም ሳይቀመጡ ወጡ። እናቴ ጓዳ ገብታ ብዙ አለቀሰች። ትምህርቱም ቀረብሽ፣ ባሉም ቀረብሽ፣ አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ሁለቱም ባንድ ሰሞን ቀሩብኝ፤ የዚያን እሑድ የሚያጽናናኝ ቃል ከየትም አልመጣም።

እሱ በክረምቱ ሄደ። ቡናማ ኮቱን ትቶ አዲስ ሱፍ ለብሶ ለመሰናበት በየክፍሉ ሲዞር፣ የኔን ክፍል ዘልሎ አለፈ። በሱ ቦታ አንድ ዝምተኛ ሰው ተቀጠረ፤ ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ማንም «ይማርሽ» አይለኝም።

እኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠውን ጉዳት ያወቅሁት ከዚያ በፊት ነው፤ ልክ ኢንስፔክተሩ በመጡ ማግስት። ክፍል ገባሁ። ተማሪዎቼ ተነሡ፣ ተቀመጡ። ለመርሳት ያህል ቀላል ጥያቄ ጠየቅሁ፤ ያችን የዘበኛውን ጥያቄ፣ አንድም ሰው የማይስታትን። ማንም እጁን አላወጣም። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋድመው ያዩኛል። አንዳንዱ ቀኙን ሊያነሣ ይልና ይመልሰዋል፤ ግራውን ያይና ይመልሰዋል።

«ልጆች፣ ከዛሬ ጀምሮ ቀኝም ግራም የለም» አልኳቸው። «የሚያውቅ ያሻውን እጁን ያውጣ። የማያውቅ ዝም ይበል። ኢንስፔክተር ቢመጣም እንደዚያው ነው።»

አለቃዋን ስሟን ጠርቼ «አንቺ ታውቂዋለሽ አይደል?» አልኳት። ተነሣች። ሹሩባዋን ይዛ ትንሽ አሰበች።

«አዎ፣ አውቀዋለሁ እትዬ» አለች። «ግን አሁን ያሉት... ከእርስዎ ነው? ወይስ ጋሼ ናቸው እንደዚህ ይበሉ ያሉዎት?»

«ከእኔ ነው» አልኳት።

እሷ ግን መልሱን ከመናገሯ በፊት ዞር ብላ ኮምፔንሳቶውን አየች።